የግራ እጅ አውራ ጣት

ሥዕሉን ለትርኢቱ የሰጠሁት ወድጄ ሳይሆን ተረትቼ ነው። የረቱኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። እትዬን ተከራክሮ የረታ ሰው በሰፈራችን አልተወለደም፤ ተወልዶ ከሆነም ገና ጡት አልጣለም።

የመጡት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ ነበር። ሦስት ፎቅ ወጥተው ስለነበር በሩ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ገና ሳይቀመጡ፣ «ያንን ደረጃውን አውጪው» አሉኝ።

«የቱን ደረጃ፣ እትዬ?»

«አታውቂውማ! ወንድሜ የሣለውን ነዋ። ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፍሽበትን። አንድ ጊዜ ሁላችንም ሆነን ቀብረነዋል፤ አንቺ ብቻሽን ሁለተኛ አትቅበሪው።»

እትዬ እንዲህ ናቸው። ሌላው ሰው አንኳኩቶ፣ ጠብቆ የሚገባበትን ነገር እሳቸው በሩን በርግደው ይገቡበታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «ሙሽራዬ» ሲሉኝ ኖረው፣ ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ ግን ቃሉን ትተውታል። ማን እንደከለከላቸው አላውቅም። እኔ አልከለከልኳቸውም። ቀዩን እስክሪብቶ ከድኜ ሻይ ላፈላ ተነሣሁ።

ትርኢት የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። ከሰፈራችን ዳር፣ ከጋራዡ ጀርባ፣ ሐኪም ከእንግዲህ የምችለው የለም ያላቸው ሕሙማን የሚያርፉበት ቤት አለ። አሥራ ስምንት አልጋ አለው። ባለቤቴ የመጨረሻዎቹን አምስት ሳምንታት እዚያ፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ አሳልፏል። ቤቱን ከሁሉ በላይ የሚቸግረው ሰው ነው፤ አንሶላ የሚያጥብ፣ የሚተኩስ፣ ጥፍር የሚቆርጥ፣ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ምንም ሳይሠራ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው። ስለዚህ የሰፈሩ ኮሚቴ፣ ማለትም እትዬ፣ በየዓመቱ የሥዕልና የእጅ ሥራ ትርኢት ያዘጋጃል። የሚቀርበው ሁሉ የሰፈራችን ሰው የሠራው መሆን አለበት። አይሸጥም። በእያንዳንዱ ሥራ ሥር ባዶ ወረቀት ይለጠፋል፤ ሥራውን የወደደ ሰው ለማረፊያው ምን እንደሚያደርግ ይጽፍበታል። አንዱ በሳምንት አንድ ቀን አንሶላ አጥባለሁ ይላል፤ ሌላው ለሦስት ወር በሽተኛ አዛውራለሁ ይላል። በመጨረሻው ቀን ኮሚቴው፣ አሁንም ማለትም እትዬ፣ የተሻለውን ይመርጣል፤ ሥራውም ከዚያ ሰው ጋር ይሄዳል። አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ሥዕሉ የሕንጻችን ደረጃ ነው። ባለቤቴ የቤት ፕላን ነዳፊ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲነድፍ ነው የኖረው። በታመመ በሁለተኛው ዓመት ሳንባው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በአንድ ትንፋሽ አላደርስ ስላለው ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያርፍ ጀመር። አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሃያ። መጀመሪያ ሰሞን አብሬው እቀመጥ ነበር። «አንቺ ሂጂ፤ ሰው ሲያየኝ ጭራሽ ትንፋሽ እምቢ ይለኛል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሰሌዳ ላይ የተወጠረ ወረቀትና ከሰል ይዞ መውጣት ጀመረ። የሚያርፍ ሰው መምሰል ስለጠላ የሚሠራ ሰው መሰለ። ጎረቤት ሲያልፍ «ምን እየሣልክ ነው?» ይለዋል እንጂ «ምነው፣ ደከመህ?» አይለውም። ሰባት ሳምንት እንዲህ እያለ ሣለው፤ ወደ ታች የሚወርዱትን ደረጃዎች፣ የብረት መደገፊያውን፣ አንደኛ ፎቅ ላይ በጎን የሚገባውን ብርሃን። ሰው የለበትም።

ከታች በግራ በኩል ግን፣ ጠርዙ አጠገብ፣ የጣት አሻራ ነበረበት። የግራ እጁ አውራ ጣት ነው። ወረቀቱን እንዳይንሸራተት ይዞ ሲሠራ ጣቱ በከሰል ጠቁሮ እዚያው ታትሞ ቀርቷል፤ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ።

ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ለሌላ ሰው ቆሻሻ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ከመውጣቴ በፊት ቁም ሳጥኑን ከፍቼ አየዋለሁ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ፎቶግራፎች አሉኝ፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ ሰውን ከሩቅ ነው የሚያነሣው፤ ይህ ራሱ የነካው ነው። የኬሚስትሪ መምህርት ነኝና ከሰል ከወረቀት ጋር እንደማይዋሐድ አውቃለሁ። በወረቀቱ ቃጫዎች መካከል አርፎ ይቀመጣል፤ ያስቀመጠው እጅ ሲነካው፣ የሌላ ሰው እጅ ሲነካውም ይነሣል። ሥዕሉን የጨረሰ ሠዓሊ ከሰሉ እንዳይራገፍ የሚረጭበት ነገር አለ፤ ባለቤቴ ግን «ገና አላለቀም» እያለ ሳይረጭበት ቀረ። ስለዚህ ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልነካሁትም። ጣቴን አስጠግቼ፣ ሳላሳርፈው፣ እመልሰዋለሁ።

«ለእይታ ብቻ» አልኩ ሻዩን አቅርቤ። «ወረቀት አይለጠፍበትም። ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

«ለእይታ ብቻ» አሉ እትዬ፣ ስኳሩን እያማሰሉ። «ግን ፍሬም ይገባለታል። ወንድሜ በአራት ስፒል ተወጥሮ አይሰቀልም። ለሚሊ ውሰጂለት።»

ሚሊ የምንለው ፍሬም ሠሪውን ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ቢሆንም የሚያስታውሰው የለም። አንድ ሚሊሜትር ዘሏል ብሎ ያለቀለትን ፍሬም ደንበኛው ፊት ሲያፈርስ የታየ ሰው ነው። ሚስቱ፣ «እኔንም ያገባኝ ለክቶ ነው፤ ቁመናዬ ሳይሆን ልኬ ነው የማረከው» ትላለች። ባለቤቴን «ጋሼ» ይለው ነበር። እኔን ልጁን ስላስተማርኳት «ቲቸር» ይለኛል፤ አንቱ ማለቱንም ተው ብለው እምቢ አለኝ። በየዓመቱ የትርኢቱን ፍሬም ሁሉ በነጻ የሚሠራው እሱ ነው።

ሥዕሉን ሱቁ ድረስ ራሴ ወሰድኩት። ሚሊ ከመቀበሉ በፊት እጁን በሳሙና ታጠበ፤ በፎጣ አደረቀ፤ ከዚያ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ጎንበስ ብሎ አየው።

«የጋሼ እጅ ነው» አለ።

«ጠርዙን እንዳትነካብኝ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለምን ብሎ እንዳይጠይቀኝ ብዬ «አደራ» ብቻ አልኩት።

«ለእኔ አደራ ይባላል እንዴ፣ ቲቸር! እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማየው።»

አሥር ቀን እሱ ዘንድ ቆየ። እነዚያን አሥር ጠዋቶች፣ አለመኖሩን እያወቅኩ፣ ቁም ሳጥኑን እየከፈትኩ ወጣሁ።

ትርኢቱ የሚከፈተው ዓርብ ነበር። ሐሙስ ከክፍል እንደወጣሁ፣ ከየሥራው ሥር የሚቀመጡትን ካርዶች ለመጻፍ ወደ ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሄድኩ። የእጅ ጽሑፌ ከሩቅ ይነበባል፤ የሰሌዳ ዓመታት ያተረፉልኝ እሱን ነው። አዳራሹ ውስጥ ወንበሮች ተደራርበው ጥግ ይዘዋል፣ መሰላሉ መሐል ቆሟል፣ መሬቱ ላይ የገመድ ቁርጥራጭና ሚስማር ተበትኗል። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ከቆርቆሮ የሠራው፣ በሩ የሚከፈት አውቶቡስ ነበረ። ልብስ ሰፊዋ ከቁራጭ ጨርቅ የገጣጠመቻት ዶሮ ነበረች። የባለቤቴ ሥዕል በመስኮቶቹ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ለብቻው ተሰቅሎ ነበር።

ፍሬሙ ጠቆር ያለ ቀጭን እንጨት ነው። በመስታወቱና በሥዕሉ መካከል፣ ዙሪያውን፣ ንጹሕ ነጭ ካርቶን ገብቶበታል። ሥዕሉ ገና ያን ጊዜ አየር ያገኘ መሰለ፤ የደረጃው ጥልቀት ወለል ብሎ ታየኝ። ያን ያየሁት ግን በኋላ ነው። በመጀመሪያ ዓይኔ የሄደው ወደ ታች፣ ወደ ግራ ነበር። እዚያ ያለው ካርቶን ነው።

ተረጋጋሁ፤ ቢያንስ ልረጋጋ ሞከርኩ። ካርቶኑ ጠርዙን ይሸፍናል፤ አሻራው ያለው ጠርዙ ላይ ነው፤ ስለዚህ አሻራው ከካርቶኑ ሥር ነው። ተማሪ እንዲህ አድርጎ ቢጽፍልኝ ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር። ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር።

«ሚሊ፣ ካርቶኑ ወረቀቱን ይነካዋል?»

መሰላሉ ላይ ሆኖ፣ ሁለት ሚስማር በከንፈሩ እንደያዘ፣ «ጠርዙን ብቻ» አለኝ።

«ጠርዙ ላይ ከሰል ካለስ? አይፈትገውም?»

«የለም፣ ቲቸር። እዚያ ምንም የለም» አለ።

አላስተዋለውም ማለት ነው አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ። ማንም ያላስተዋለው ነገር የእኔ ሆኖ ይቆያል። ካርዱ ላይ «ደረጃ፤ በከሰል የተሣለ» ብዬ የባለቤቴን ስም ጻፍኩ። ስሙን በእጄ ከጻፍኩ ቆይቼ ስለነበር አንዱን ካርድ አበላሸሁ።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። የትርኢቱን ማስታወቂያ እትዬ ራሳቸው ነበሩ የጻፉት፤ «ሥዕል ውሰዱ፤ እጅ ስጡ» ይላል። ይቀየር ብዬ ነበር፤ «ምን ይወጣለታል?» ብለው አለፉኝ። ሾፌሩ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «አትተኩሱ፤ በሰላም ነው የመጣሁት» እያለ ሲገባ ያን ጊዜ ገባቸው። ከእሱ በኋላ የመጣው ሰው ሁሉ እጁን አንሥቶ ነው የገባው።

ሥጋ ሻጩ የልብስ ሰፊዋን ዶሮ ወደዳት። ወረቀቷ ላይ፣ «ለስድስት ወር የሕሙማንን ጢም እላጫለሁ» ብሎ ጻፈ።

«አንተ ምላጭ ይዘህ እዚያ ቤት ብትገባ፣» አሉት እትዬ፣ «ሊሞት ያላሰበውም ይሞታል።»

«እስካሁን ቅር ያለው በግ የለም፣ እትዬ።»

«ቅር ያለውማ ተርፎ መች ይናገራል!»

ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ሰው ሲሥቅ አብሮ መሣቅ ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው መጀመሪያ ማቆሙ ነው፤ ቀድመሽ ያቆምሽ እንደሆነ ሰው ዞር ብሎ ያይሻል። ሣቁ ሲበርድ ወደ መስኮቶቹ ዞርኩ። ከሥዕሉ ሥር፣ ከካርዴ አጠገብ፣ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ በልብስ ሰፊዋ እጅ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአንድ ዓመት፣ የተቀደደውን አንሶላ ሁሉ እሰፋለሁ። ይህ ደረጃ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል።»

እትዬን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ኮሪደሩ አወጣኋቸው።

«ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«ገብቼ ነበር» አሉ። እትዬ ሲጋፈጡ አይክዱም። «ሰው ጠየቀኝ። አንድ አይደለ፣ ሁለት አይደለ። ምን ልበል? አሥራ ስምንት አልጋ እኮ ነው! አንሶላው ወንፊት ሆኗል፤ አንቺ ከዚያ ወዲህ ሄደሽ አላየሽውም።»

አልሄድኩም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሥዕሉ የወንድሜ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሱ ቢኖር እምቢ የሚል ይመስልሻል?»

እምቢ አይልም ነበር። በእጁ ላይ ያለውን ሳይጠየቅ የሚሰጥ ሰው ነበር፤ እኔ ነኝ የምቆልፈው። ወደ ቤቴ ሄድኩ። ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ሳይደክመኝ፣ ተቀመጥኩ። እዚያ ሆኜ አሰብኩት። ሥዕሉ ይሂድ። አንሶላውም ይሰፋ። እኔ የምፈልገው ጠርዙን ነው። ሚሊ ፍሬሙን ከፍቶ ከታች በግራ በኩል ካርቶኑ የሚሸፍነውን ቁራጭ ቢቆርጥልኝ፣ ከሁለት ጣት ያልበለጠ ወረቀት፣ ልብስ ሰፊዋም አታውቅም፣ እትዬም አያውቁም፣ ሥዕሉም አይጎዳም። የሚያሳፍር ዕቅድ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለረጅም ጊዜ እንዲያ ተስፋ አድርጌ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አዳራሹ ለሕዝብ ሳይከፈት ሄድኩ። ሚሊ እንደማይቀር አውቅ ነበር፤ ሰው በትከሻው የገፋውን ፍሬም ለማቃናት ቀድሞ ይመጣል። ውሃ ልክ ይዞ ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው እየተዘዋወረ አገኘሁት።

«ሚሊ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። የባለቤቴን ሥዕል ክፈትና ጠርዙን ቆርጠህ ስጠኝ።»

«ጠርዙን?» አለ። «ምን ሊያደርግልዎት?»

«ከታች በግራ በኩል የጣት አሻራ አለበት። የእሱ ነው። እሱን ብቻ ነው የምፈልገው። ካርቶኑ ስለሚሸፍነው መቆረጡ አይታወቅም።»

ውሃ ልኩን ወንበር ላይ አስቀመጠ።

«ከሰል የነካው ጣት?»

«አዎ።»

«ዘንበል ያለ?»

«አዎ! አየኸው እንዴ?»

በደስታ ነበር የጠየቅኩት። ያ ደስታዬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«አጠፋሁት» አለ።

አዳራሹ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ውጭ አንድ ሰው ግቢውን ይጠርጋል፤ የመጥረጊያው ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«ሰው የነካው መሰለኝ» አለ ሚሊ። «የጋሼን ሥራ ቆሻሻ ይዤ አልሰቅልም ብዬ… በላጲስ ሞከርኩ፤ ላጲሱ ወረቀቱን ሊያነሣብኝ ሆነ። ከዚያ የዳቦ ውስጡን አድቦልቡዬ፣ ጫን ሳልል፣ በትንሽ በትንሹ አነሣሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ቲቸር። ሁለት ቀን ሙሉ!» ሁለቱ ቀናት እስካሁን ክብሩ ነበሩ፤ አሁን ምን እንደሆኑ እየገባው ነበር።

ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ዳቦ፣ አልኩ በልቤ፤ አዎ፣ ዳቦ ያነሣዋል፣ ላጲስ ሳይኖር በፊት ሠዓሊዎች በዳቦ ነበር የሚያጠፉት። ሰው ቤቱ ሲቃጠል እሳቱ የነደደበትን ምክንያት እንደሚያስረዳ ሆንኩ።

እትዬ በሩን በርግደው የገቡት በዚያን ጊዜ ነው። «ምንድን ነው? ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት!»

ሚሊ ለራሱ ሳይራራ፣ የማስመሪያ ልክ እንደሚያነብ ሰው፣ ሁሉንም ነገራቸው። እትዬ ሲሰሙ ቆይተው ቦርሳቸውን መሬት ላይ ጣሉት።

«አንተ! አንተ ደንቆሮ! ለግማሽ ሚሊ ቀን ከሌት የምትጨነቅ ሰውዬ፣ የወንድሜን ጣት በዳቦ ጠርገህ…»

«እትዬ፣ ይተዉት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ?»

«አልነገርኩትም። ሊጠይቀኝ ይችላል ብዬ አልነገርኩትም። ለእርስዎም አልነገርኩም።»

«ለምን?»

«የእኔ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ።»

እትዬ ዝም አሉ። እሳቸውን ዝም ብለው ሳይ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው መቃብሩ ላይ ነበር። ወደ ሥዕሉ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ።

«እኔም ባየው ምን ነበረበት» አሉ በመጨረሻ። «ያንን ጣት አውቀዋለሁ እኮ። አምስት ዓመት እስኪሞላው ይጠባው ነበር። እናታችን መራራ ትቀባዋለች፤ እኔ ጓሮ ወስጄ አጥብለታለሁ፤ ያለዚያ አይተኛልኝም። እሷ ትቀባለች፣ እኔ አጥባለሁ።»

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ከካርዱ አጠገብ የተለጠፈውን ወረቀት ላጡት። በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ልብስ ሰፊዋን እኔ አነጋግራታለሁ። የአውቶቡሱን በር ስትከፍትና ስትዘጋ ነው የዋለችው፤ እሱን እሰጣታለሁ። ክፈተው፣ ሚሊ። ምን እንደቀረ እንየው።»

ሚሊ ፍሬሙን አውርዶ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፋው። ከኋላ ያሉትን ትንንሽ ሚስማሮች በፒንሳ አንድ በአንድ አወጣ፤ መደገፊያውን አነሣ፤ ሥዕሉን በሁለት መዳፉ አውጥቶ ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኛው። ሦስታችንም ጎንበስ አልን።

ከታች በግራ በኩል ምንም የለም ማለት አይቻልም። ወረቀቱ በቆይታ ወደ ቢጫነት አድልቷል፤ የተጠረገችው ቦታ ግን ነጭ ሆና ቀርታለች፤ ክብ ያልሆነች፣ ወደ ጎን ዘንበል ያለች ነጭ።

«ሥራዬ ጥሩ አይደለም» አለ ሚሊ። «ከሌላው ነጣብኝ። ስለነጣብኝ ነው ካርቶኑን ያሰፋሁት፤ እንዳይታይ። ሃያ ሦስት በሠላሳ አንድ ነበረ፤ ለክቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«አሻራውን። ከማጥፋቴ በፊት ለካሁት። ምን ያህል ማስፋት እንዳለብኝ ለማወቅ፣ ምናልባት ሙሉ በሙሉ ባይጠፋ ብዬ።»

ሃያ ሦስት በሠላሳ አንድ። ዓመት ከስምንት ወር ሳየው ይህን አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ጠዋት ላይ የሚታየውን ነው። ይህ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎበታል። ከእኔ በኋላ ያየው እሱ ብቻ ነው፤ ምናልባትም ከእኔ ይበልጥ አይቶታል።

«ሌላ ምን ነበረበት?» አልኩት።

ሚሊ ቀና ብሎ አየኝ። እያሾፍኩበት እንዳልሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

«መስመሮቹ ወደ ላይ ሄደው ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ እንደ ውሃ አዙሪት ዓይነት። ከላይ በኩል ደብዘዝ ይላል፤ ጫን ያለበት በታች ነው። ደግሞ አንድ ነጭ ጭረት ነበር፤ ከዚህ ተነሥቶ፣» አለና እርሳሱን በነጯ ላይ አግድም አሳለፈው፣ «እስከዚህ። ከሰሉ እዚያ ላይ አልያዘም። የቆየ ቁስል ይመስለኛል።»

ጭረቱን አይቼው አላውቅም። በጠዋት ብርሃን፣ ቦርሳ ትከሻ ላይ አድርጎ የሚታይ ነገር አልነበረም። ቁስሉን ግን አውቀዋለሁ።

«ካተር ነው የቆረጠው» አልኩ።

ስለ እሱ ለሰው ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በተጋባን በሦስተኛው ወር ነው። አንዲት ክፍል ነበር የተከራየነው፤ ጠረጴዛ ስላልነበረን አልጋው ላይ ነው የሚሠራው። ለውድድር የሚያቀርበው የካርቶን ቤት ነበር፤ ጣሪያውን እየቆረጠ። ማስመሪያውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። አልጋው ይነቃነቃል፣ እኔን ሣቅ ያዘኝ፤ ማቆም አቃተኝ። ማስመሪያው ሸሸ። ካተሩ ጣቱ ላይ አረፈ።»

«ለእኔ ‹ካርቶኑ ነው የቆረጠኝ› ነበር ያለኝ!» አሉ እትዬ።

«ለሁሉም ሰው እንዲያ ነው ያለው። ሐኪም ቤት ሲሰፋለትም ካርቶን ነው አለ። ሐኪሙ ምን ዓይነት ካርቶን ነው ብሎ ሲጠይቀው ‹ጣሪያ ነው› አለው።»

እትዬ ሣቁ፤ ከሣቁ መሐል ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ሣቅሁ፤ ይህን ጊዜ ማን ቀድሞ እንዳቆመ አላስተዋልኩም። ሚሊ ግን አልሣቀም። እጁን ጨርቁ ላይ አድርጎ ነጯን ቦታ ያያል።

«ካርቶኑን አጥብበው» አልኩት። «ይህ እንዲታይ።»

«ስህተቴን ሰው ፊት ሊያወጡብኝ ነው?»

«አዎ።»

አሰበበት። ከዚያ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ ዘረጋ፤ በእርሳስ ሁለት ነጥብ ምልክት አደረገ፤ ካተሩን ከኪሱ አውጥቶ ስለቱን ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጥሮ ኖሮ ይንቀጠቀጣል። ረጅሙን የብረት ማስመሪያ ምልክቶቹ ላይ አጋድሞ በአንድ እጁ ሊይዘው ሞከረ፤ ጫፉ ሸሸበት።

ውጭ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። በሩን የሚያንኳኳ አለ። እትዬ ተነሥተው ሄዱና በመዝጊያው ስንጥቅ፣ «አልተከፈተም! ሥራ ላይ ነን!» ሲሉ ሰማኋቸው።

«ቲቸር፣» አለ ሚሊ ቀና ሳይል፣ «ወዲያ ጫፉን ይያዙልኝ። ግን እባክዎን አይሣቁ።»

ሁለት እጄን አሳርፌ ያዝኩለት።